እሳቱ የተፋቀበት ደወል

ወንድሜ ያን ታንክ አውቆት ነበር ወይስ አላወቀውም?

ይኸን ጥያቄ ስንት ጊዜ አንሥቼ ስንት ጊዜ እንደጣልሁት አላውቅም። ልብስ ሳጥብ ይመጣል፤ መናኸሪያ ቆሜ መኪና ስጠብቅ ይመጣል። አንድ ቀን «አውቆታል» እላለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ነጭ ቀለም የለበሰ ብረት ከሌላ ነጭ ብረት በምን ይለያል ብዬ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ቢያውቀውም ያሳዝነኛል፣ ባያውቀውም ያሳዝነኛል፤ ኀዘኖቹ ግን አንድ አይደሉም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

የተወለድሁት በጎጃም፣ ከቁይ ከተማ በላይ፣ ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት የገጠር አጥቢያ ነው። አጥቢያዋ ቁስቋም ማርያም ናት፤ አባቴ የቁስቋም ቄስ ነበሩ። ለወንዶቹ ፊደል ሲያስቆጥሩ እኔ ከግድግዳው ማዶ ጤፍ እያበጠርሁ እሰማለሁ። ሰምቼ ሰምቼ በቃሌ ያዝሁት፤ ዐይኔ ግን አንዱንም አያውቀውም ነበር። ከዚያ ዳሩኝ። ትዳሩ አልቆየም፤ ስለ እሱ የምጽፈው የለኝም። ወደ አባቴ ቤት ስመለስ እናቴ በሕይወት አልነበረችም። ታላቅ ወንድሜ ከደብረ ማርቆስ መጣና ልብሴን በኩርቱ ፌስታል ይዞ «ነይ፣ ትማሪያለሽ» አለኝ።

ወንድሜ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። ድቁናውን ትቶ ብየዳ ተማረ፤ ደብረ ማርቆስ ከመናኸሪያው በታች በርና መስኮት የሚሠራባት ትንሽ ብየዳ ቤት ከፈተ። አባቴ ይኸን እስከ መጨረሻው አልወደዱለትም።

«ጸናጽል የያዘ እጅ ብረት ሲያቃጥል ይውላል» ይሉታል።

«አባቴ፣ ጸናጽሉንስ የሠራው ብረት የሚያቃጥል ሰው አይደለም?» ይላቸዋል እሱ፣ እየሳቀ። እሳቸው አይስቁም፤ ግን በሄደ በመጣ ቁጥር የቤተ ክርስቲያኑን በር ማጠፊያ የሚያሳዩት ለእሱ ነበር።

አንደኛ ክፍል የገባሁ ቀን የክፍሉ ልጆች አስተማሪ መስያቸው ብድግ አሉልኝ። ማታ ለወንድሜ ስነግረው ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ታዲያ ቁጭ በሉ አላልሻቸውም?» አለኝ። ሚስቱ ከጓዳ ሆና «ተዋት፣ ነገ ርእሰ መምህር ብትሆን የት ትገባለህ?» አለችው። በእነሱ ቤት፣ በእነሱ መብራት ነው የተማርሁት። ዘግይቼ ስለጀመርሁ ይሆናል፣ የተጻፈ ነገር አምናለሁ። አራት ነጥብ የጎደለው ማስታወቂያ ሳይ ዛሬም ቆም እላለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ይኸን ጠባዬን አይወዱትም፤ አልፈርድባቸውም።

ተምሬ ስጨርስ አስፋልት የሚጠግን አንድ ድርጅት ከከተማው ውጭ በተከለው ካምፕ መዝገብ ቤት ተቀጠርሁ። ካምፑ ውስጥ ሬንጅ ማቅለጫዎች ነበሩ። ማቅለጫው በተሳቢ ላይ የተገጠመ ነው፤ መኪና እየጎተተው ይሄድና መንገዱ የተቦረቦረበት ቦታ ሲደርስ ቆሞ ሬንጁን ያፈላል። የሚያፈላበት እሳት የሚመጣው እዚያው ተሳቢው ላይ ከታሰረ የፕሮፔን ጋዝ ታንክ ነው። ታንኩ የተኛ ሰው ያህላል፤ ሁለት ጫፉ እንደ ቅል የከበበ ነው። ከማቅለጫዎቹ ጋር የመጣው መጽሐፍ እንግሊዝኛ ስለነበር የደኅንነት ኃላፊው ስለ አደጋ ምልክት የሚያወራውን ክፍል አውጥቶ ሰጠኝና «ሾፌሮቹ በሚገባቸው አማርኛ መልሽልኝ» አለኝ።

መለስሁት። ብዙ ሰው የሚያዛጋበት ጽሑፍ ነው፤ እኔ ግን ወደድሁት። ጋዝ የያዘ ታንክ መንገድ ላይ ሲወጣ በማዕዘኑ የቆመ ባለ አራት ማዕዘን ቀይ ምልክት ይኑረው፤ ከላይ ነበልባል፣ ከታች «2» ቁጥር ይሣልበት። በአራቱም ወገን ይታይ፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ። የፊቱን የሚጎትተው መኪና ከከለለው መኪናው ፊት ላይ ይሁን። ሸራ አይሸፍነው፣ መሰላል አይጋርደው፣ ጭቃ ሲነካው ይጠረግ። ቀለሙ ሲለቅ ይታደስ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ስለ ባዶ ታንክ የሚለው ነው። ጋዙ አልቆ ባዶ የሆነ ታንክ ምልክቱ አይነሣም ይላል። ታንኩ ታጥቦ፣ ውስጡ የቀረው ትነት ተገፍቶ ወጥቶ ንጹሕ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ሙሉ ይቆጠራል። ንጹሕ ከሆነ በኋላ ደግሞ ምልክቱ መነሣት አለበት፤ የሌለ አደጋ አለ እያለ የሚዞር ምልክትም ክልክል ነው።

ይኸን ለሾፌሮቹ ሳነብላቸው ከሁሉም ሸምገል ያለው፣ አፉ የማያርፈው፣ እጁን አነሣ።

«እህት ዓለም፣ ባዶ ነው እያልሽ እንደገና አለ ትያለሽ። ባዶ ጋን ጠላ አለበት ይባላል?»

«ጋኑን አሽትተውት ያውቃሉ?» አልሁት።

ሳቁ። «እሱማ ጋኑን ልሶትም ያውቃል» አለ ሌላው።

«እንግዲያው በባዶ ጋን የሰከረ ዝንብ አይተዋል» አልሁ። «ይኸም እንደዚያ ነው። የቀረው ሽታ ነው የሚያቃጥለው። ሙሉው ታንክ አየር ስለሌለበት ቶሎ አይፈነዳም፤ ባዶው ነው የባሰው።»

ሸምገል ያለው ሾፌር ራሱን ነቀነቀ። «በይ ለሚስቴም አንድ ቀይ ስጪኝ፤ በአራቱም ወገን እለጥፍላታለሁ» አለና ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምልክቱን «ቀዩ» ይሉት ጀመር። «ቀዩ ቆሽሿል፣ ጥረገው» ሲባባሉ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ከድርጅቱ የመጡት ምልክቶች ወረቀት ነበሩ፤ የእኛ አገር ክረምት ገሸለጣቸው። ኃላፊው «በቀለም ይሣል፣ ሰው ፈልጊ» ሲለኝ ወንድሜን አመጣሁት። ለተሳቢው ፊትና ኋላ ከላሜራ ቆርጦ በየደልኝ፤ የታንኮቹን ጎንና ጎን ግን ብረቱ ላይ በእጁ ሣለ። የመጀመሪያውን ነበልባል ሦስት ቀጫጭን ልሳን አድርጎ ሠራው፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ በሐዋርያት ራስ እንደምናየው።

«ይኸ አይደለም፣ መመሪያው ላይ ያለው ሰፊ ነው» አልሁት።

«እሳት ነው እኮ። እሳትን ማን ለክቶ ያውቃል?»

«እኔ ለክቻለሁ» አልሁና ማስመሪያዬን አሳየሁት። አጥፍቶ እንደገና ሣለው። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ታንኩ አጠገብ ቁጭ አለና ያን የባዶውን ነገር ጠየቀኝ፤ ለሾፌሮቹ ስደጋግመው ሲሠራ እየሰማኝ ነበር ማለት ነው።

«ስለዚህ ቀዩ ያለበት ታንክ፣ ባዶም ይሁን ሙሉ፣ እሳት አላስጠጋበትም።»

«አታስጠጋበትም።»

«ቀዩ የሌለበትስ?»

«የሌለበት ታጥቧል ማለት ነው።»

«ያለውን የለም አይል፣ የሌለውን አለ አይል። ይቺ ምልክትሽ ከሰው ትሻላለች» አለ። ኮራሁ። ያን ቀን በጣም ነበር የኮራሁት።

የቁስቋም ደወል ከጥንት ጀምሮ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነበሩ። ከነዚያ አንዱ ተሰንጥቆ ድምፁ ታፈነ። ከገደሉ ማዶ ያሉ ሰዎች ቅዳሴ እያለፈባቸው፣ ይባስ ብሎም ቀብር እያለቀ ይደርሱ ጀመር። እኛ አገር ቀብር ያልደረሰ ሰው ኀፍረቱ ለልጅ ልጅ ነው። አንዳንድ አጥቢያዎች የመኪና ቸርኬ ሰቅለው ይደውላሉ፤ ከዲማ ወዲህ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግን አፉ የተቆረጠ የጋዝ ታንክ እንደተሰቀለና ድምፁ ሦስት ሸለቆ እንደሚሻገር አባቴ ሰምተው ኖሮ፣ ልባቸው እዚያ ላይ ቀረ።

የመንገዱ ሥራ አልቆ ካምፑ ሲነሣ አገልግሎታቸው ያበቃ ማቅለጫዎች ተፈታቱ። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ብረት ለመጠየቅ መጡ፤ እዚያ የቀረው ሰውም ለቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ አንድ ባዶ ታንክ ሰጣቸው፤ በኢሱዙ ጭነው ወሰዱት። እኔ በዚያ ሳምንት ፈተና ልወስድ ባሕር ዳር ነበርሁ። ስልክም አይሠራም ነበር፤ በእነዚያ ወራት ስልክ ከሚሠራበት የማይሠራበት ቀን ይበዛ ነበር። ስለዚህ ታንኩ መሄዱን አላወቅሁም፤ ወንድሜም ሊጠይቀኝ ቢፈልግ የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረውም። ደግሞ ይጠይቀኝ ነበር ወይ? ይኸም ሌላ ጥያቄ ነው።

የሆነውን የሰማሁት እዚያ ከነበሩ ሰዎች ነው። በማግስቱ ኅዳር ቁስቋም ነበር፤ ዓመታዊው ክብረ በዓል። አባቴ ደወሉ ለዋዜማው ማኅሌት እንዲደርስላቸው ፈለጉና ወንድሜን ከደብረ ማርቆስ አስጠሩት። መቁረጫውን፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩንና የብየዳ መነጽሩን ይዞ መጣ። ዕለቱ አቦ ነበር። የእኛ አገር ሰው በአቦ ቀን ማጭድ አያነሣም፤ የደረሰ ጤፍ ቢረግፍም ይርገፍ ይላል። አንድ ሽማግሌ «ቄሴ፣ ዛሬ አቦ አይደለም ወይ?» ብለው ጠይቀው ነበር አሉ። አባቴም «የእመቤታችን ሥራ በዓል አያሽርም» ብለው መለሱ።

ታንኩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር ተጋድሞ ነበር። ነጭ ተቀብቶ መሐሉ ላይ መስቀል ተሥሎበታል። ወንድሜ ዞሮ ዞሮ አየው። በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ጆሮውን አስጠግቶ ድምፁን ሰማ። «ጥሩ ይጮሃል» አለ። መክፈቻውን ፈታ፤ ምንም አልተነፈሰም። ከዚያ ሰዉን ሁሉ «ብልጭታው ዐይን ያጠፋል፣ ወደዚያ ሂዱ» ብሎ አራቀ። እሱ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል፤ በሱቁ በርም ላይ ልጆች እንዲህ እያለ ሲያባርር ኖሯል። ስለዚህ ታንኩ ሲፈነዳ ሌላ ማንም አልተጎዳም።

በጎጃም የአንድ ሰው ሞት በደወል ይነገራል። የወንድሜን ሞት ግን ማንም መደወል አላስፈለገውም፤ ከገደሉ ማዶ ያሉት ሁሉ ሰምተውት እየሮጡ መጡ።

እኔ የደረስሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። አባቴ ድንኳኑ ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ አያለቅሱም። ሰው ሲቀንስ ወደ እሳቸው ተጠጋሁ። እጄን ያዙና ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«አንድ የሚያጽናናኝ ነገር አለ፣ ልጄ። በንጹሕ ዕቃ ላይ ነው የሞተው። ታንኩ ሲመጣ ከግራም ከቀኝም እሳት ተሥሎበት ነበር፤ ቀይ፣ የሲኦል እሳት የመሰለ። ይኸን እንዴት አድርጌ ለእመቤታችን እሰቅላለሁ? በአሸዋ ፈግፍጌ፣ በማጭድ ጀርባ ፍቄ አነሣሁት። ጸበል ረጨሁበት፣ ነጭ አስቀባሁት። ንጹሕ አድርጌ ነው ለልጄ የሰጠሁት።»

እጃቸው እጄ ውስጥ ነበር። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጫፋቸው ተላልጦ ነበር፤ ከፈገፈጉበት።

«ደግ አደረጉ» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ከልቅሶው እንደወጣሁ ወደ ጽዱ ሄድሁ። የታንኩ አንድ ጫፍ ተገንጥሎ አጥሩ ሥር ወድቆ ነበር፤ የቀረው አካል ተቀዶ ተዘርግቷል። ነጩ ቀለም ከሙቀቱ ተላልጦ ነበር። ብረቱ በተበየደበት ስፌት ውስጥ፣ የማጭዱ ጀርባ ያልደረሰበት ቦታ፣ ቀጭን ቀይ መስመር ቀርቷል። መጠኑን አውቀዋለሁ፤ ያን ማዕዘን ማስመሪያ ይዤ የለካሁት እኔ ነኝ። ቀለሙ የወንድሜ ነው። በገዛ እጁ የሣለውን አባቱ በገዛ እጃቸው ፋቁት፤ እሱም የተፋቀውን ሲያይ «ታጥቧል ማለት ነው» አለ። ወይም አላለም። ብሎ ከሆነ እኔ የነገርሁትን አምኖ ነው። ካላለ ደግሞ የአባቱን መስቀል አምኖ ነው። ወይም ስለ ምንም ሳያስብ፣ ለማኅሌቱ ይድረስ ብሎ ብቻ ለኮሰው። ይኸው ነው የማላውቀው።

አገሩ ግን መልስ ለማግኘት አልዘገየም። በሰልስቱ ጀመረ፤ እስከ አርባው ድረስ ቁይ ገበያ ላይ ሁሉ ደርሶ ነበር። «በዓል ሽሮ ነው።» «አቦ ዝም አይሉም።» «ድቁናውን መጣሉ ሳያንስ ቀናቸውንም ደፈረ።» ማንም ፊት ለፊት አይናገርም፤ ውሃ ሲቀዱ፣ እህል ሲያስፈጩ ነው። አባቴ ሲሰሙ «ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፣ አልሻረም» ይላሉ፤ ሰዉ «እውነት ነው አባታችን» ብሎ መስቀላቸውን ይሳለምና ወጥቶ ያንኑ ይላል።

ከሁሉ የከፋው የወንድሜ ሚስት ማመኗ ነው። ያን ጠዋት ከቤት ሲወጣ «ዛሬ አቦ ነው፣ ከበዓሉ በኋላ ብትሄድ ምን አለ?» ብላው ነበር። እሱም «አባቴን ማን ይችላቸዋል» ብሎ ሄደ። ስለዚህ ኀጢአቱን አውቃ ያሳለፈችው መሰላት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ የአቦ ቀን ጀንበር እስክትጠልቅ እህል ውሃ በአፏ አይዞርም። የነፍስ አባቷ አላዘዟትም፤ በራሷ የጀመረችው ነው። ለእሱ ይቅርታ መለመኛዋ ነበር። በጋ ላይ፣ ደብረ ማርቆስ ውሃ ጠፍቶ ከሩቅ በጀሪካን ተሸክማ ስትመጣ፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ጀሪካኑን አስቀምጣ ታየዋለች። አብሬያት ነው የምኖረው። አየዋለሁ።

ብነግራት የወንድሜ ስም ይነጻል፤ እሷም ውሃዋን ትጠጣለች። ግን ነገሩ አንድ ቦታ አይቆምም። ዛሬ ለእሷ የነገርሁት ነገ ቁይ ይደርሳል፤ ከነገ ወዲያ ቁስቋም። «ልጃቸውን የገደሉት እሳቸው ናቸው» ብሎ አንድ ሰው አንድ ቀን ለአባቴ ይነግራቸዋል። እሳቸው ደግሞ ያቺን አንዲት ነገር ይዘው ነው የሚኖሩት፤ ንጹሕ አድርጌ ሰጠሁት የምትለዋን። በሄድሁ ቁጥር ይነግሩኛል። ሁልጊዜም መጨረሻው ላይ ይጠይቁኛል።

«አንቺ የተማርሽው፣ እስኪ ንገሪኝ፤ ባዶ ብረት ነው። እሳቱ ከየት መጣ?»

ያን ገጽ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር በቃሌ አውቀዋለሁ።

«አላውቅም፣ አባቴ» እላቸዋለሁ።

«አምላክ ያውቃል» ይላሉ፣ ለእኔ ብለው፤ አለማወቄ ያሳፈረኝ መስሏቸው።

የተገነጠለውን ጫፍ የአጥቢያው ሰው ሊሰቅለው ፈልጎ ነበር። ድምፁ ያማረ ነው፤ ድንጋይ ጣል ሲያደርጉበት ረዘም ላለ ጊዜ ያስተጋባል። አባቴ እንቢ አሉ። አጥሩ ሥር እንደተደፋ ቀረ፤ ክረምት ሲመጣ ዙሪያውን ሣር ይውጠዋል። አባቴ ባለፈው ዓመት ሲያርፉ የተደወለላቸው ያው የተሰነጠቀው ድንጋይ ነው። ከገደሉ ማዶ ያሉት ዘግይተው ደረሱ።

ከአርባቸው በኋላ የመጀመሪያው አቦ ደረሰ። የወንድሜ ሚስት ምስር እየለቀመች ነበር፤ እኔ ከበሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ብየዳ ቤቱን ለሌላ ሰው አከራይተነዋል፤ የቤቱ በር ግን እሱ የሠራው ነው፣ ንፋስ ሲነካው ይጮሃል። ፀሐይዋ ገና ከራስ በላይ ነበረች። ምራቋን ለመዋጥ ስትታገል አየኋት። ድንጋጤ የለበትም፣ ውሳኔም የለበትም፤ አፌ በራሱ ተከፈተ።

«ውሃ ጠጪ» አልኋት።

«ዛሬ አቦ ነው፣ እቴ።»

«አውቃለሁ። በአቦ ቁጣ አይደለም የሞተው።»

ምስሩን መልቀም አላቆመችም። ስለ ቀዩ ነገርኋት፤ ስለ ባዶው ታንክ፣ ታጥቦ ካልሆነ ምልክቱ እንደማይነሣ። አባቴ እንዴት እንደፋቁት፣ ጣታቸው እንዴት እንደተላለጠ። ስፌቱ ውስጥ ስለቀረው ቀይ መስመር። ስናገር ድምፄ መመሪያ እንደማነብ ነበር፤ ሌላ ዓይነት ድምፅ አልመጣልኝም።

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«እሱ የሣለው ነበር?»

«እሱ የሣለው።»

«ያ፣ አጥፋና እንደገና ሣል ያልሽው? ማታ መጥቶ እጁን በነጭ ጋዝ ሲያጥብ እየተሳደበ የነገረኝ?»

«እሱ ነው።»

ፈገግ ልትል ስትል ፊቷ ተሰበረ። አላባበልኋትም፤ እሷም እንድነካት አልፈለገችም። ከዚያ ነጠላዋን ከዐይኗ አነሣችና አየችኝ።

«አባትሽ ያውቁ ነበር?»

«አያውቁም ነበር።»

«አንቺስ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከቀብሩ ማግስት።»

«ከዚያ ጀምሮ» አለች። «በዚህ ቤት፣ እኔ ውሃ ሲጠማኝ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ታዪኝ ነበር።»

ስለ አባቴ እርጅና፣ ስለ ቁይ ገበያ ምላስ ልነግራት እችል ነበር። በሩ ጮኸ።

እሷ ተነሣችና ከጀሪካኑ በጣሳ ቀዳች። ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ውስጡን አየችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በሳህን ከደነችው።

«ዛሬንስ ጀምሬዋለሁ» አለች። «ልጨርሰው።»

ወደ ምስሯ ተመለሰች። እኔም በርጩማዬን ከበሩ አንሥቼ ወደ እሷ አስጠጋሁና ከሰፌዱ ማዶ ሆኜ ጠጠሩን አብሬያት መልቀም ጀመርሁ። ጀንበሯ እስክትጠልቅ ሁለታችንም ጣሳውን አልነካነውም።